ለአርክቴክት ፈቃድ ሁለት ክረምት

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ በጋዜጣዎ የአስተያየት ገጽ ላይ አንድ ወጣት ባለሙያ፣ ከአርክቴክቸር ትምህርት ቤት የተመረቀ ሰው በራሱ ስም ፕላን ፈርሞ ለማስገባት የሚጠብቀው ጊዜ በዝቷልና ይጠር ሲል የጻፈውን አነበብኩ። በሳምንቱ ደግሞ አንድ አንጋፋ መሐንዲስ በሰጡት መልስ፣ ሕንፃ በየቦታው እየተሰነጠቀ ባለበት በዚህ ዘመን ጊዜው ይብሱን መርዘም አለበት ሲሉ ተከራክረዋል። እኔ ደሴ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ በዚሁ ሥራ የኖርኩ፣ ሦስት ጠረጴዛ የምትይዝ ቢሮ ያለችኝ አርክቴክት ነኝ። ሁለቱም ጸሐፊዎች የተሟገቱት በዓመት ቁጥር ላይ ነው። ያ ዓመት ምን ሲሠራበት እንደ ዋለ ግን አንዳቸውም አላነሱትም፤ ይህ ከንክኖኝ ነው ብዕር ያነሣሁት።

መንገዱን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። በአገራችን የአርክቴክቸር ትምህርት ለረጅም ጊዜ አምስት ዓመት ሆኖ ኖሯል፤ ተማሪው በመካከሉ ለተግባር ልምምድ ወደ ቢሮ ወይም ወደ ሳይት ይወጣል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይኖርበታል። ከተመረቀ በኋላ በባለሙያነት ሲመዘገብ የሚሰጠው የጀማሪ ደረጃ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያወጣው የሥራ ልምድ ነው። የሥራ ልምዱ የሚረጋገጠው ደግሞ በደብዳቤ ነው። «አቶ እገሌ ከዚህ ቀን ጀምሮ እስከዚህ ቀን ድረስ በድርጅታችን በአርክቴክትነት አገልግለዋል» የምትል፣ ማኅተም ያረፈባት፣ ከአምስት መስመር የማትበልጥ ደብዳቤ። እንግዲህ የምንጨቃጨቅበት ዓመት ሁሉ የሚኖረው በዚህች ወረቀት ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ እኔም ብዙ ጽፌአለሁ፤ ከጻፍኳቸው አንዱ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። አንድ ትጉህ ልጅ ለሦስት ዓመት አብሮኝ ሠርቶ ነበር። እጁ ፈጣን ስለነበረ የደረጃና የመታጠቢያ ቤት ዝርዝር ሥዕል ሁሉ ወደ እርሱ ጠረጴዛ ይሄድ ነበር፤ ደንበኛ የሚወደውን ባለ ቀለም የኮምፒውተር ሥዕል የሚያወጣውም እርሱ ነው። ሥራ በተጣደፈ ቁጥር እኔ ሳይት እሄዳለሁ፤ እርሱ ቢሮ ይቀራል። ሲለቅ የሦስት ዓመት ደብዳቤ ጻፍኩለት። ከጥቂት ወራት በኋላ ከሌላ ከተማ ደወለልኝና፣ «ጋሼ፣ አርማታ ሊሞላ ነውና ፌሮው ከካሳፎርማው ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ሠራተኞቹ ጠየቁኝ፤ ምን ልበላቸው?» አለኝ። ሥዕሉን እንደሆነ መቶ ጊዜ ስሎታል፤ ሲሠራ ግን ቆሞ አላየውም። በደብዳቤዬ ላይ ያሉት ቀናት ትክክል ነበሩ። አንድም የሐሰት ቃል አልጻፍኩም፤ ይሁንና ያ ደብዳቤ እውነት ነው ለማለት ድፍረቱ የለኝም።

ይህን ልጅ ለመውቀስ ግን አፍ የለኝም፤ ምክንያቱም ከእርሱ የባሰውን ያደረግሁት እኔው ራሴ ነኝ። ከተመረቅሁ በአራተኛው ዓመት ወደ ትውልድ ከተማዬ ስመለስ፣ ሦስቱን ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቢሮ፣ ሜዳ ላይ ለሚቆሙ ረጃጅም ሕንፃዎች ፕላን ስሠራ አሳልፌ ነበር። በወረቀት በኩል የጎደለኝ ነገር አልነበረም። ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቼ አንዱ በጦሳ ተራራ ግርጌ ቦታ ያገኘ መምህር ሲሆን፣ የጠየቀኝም ፎቅ የሌለው፣ ሦስት መኝታ ክፍል ያለው ቤት ነው። ቦታውን በጥር ወር አንድ ጊዜ ሄጄ አየሁት። አፈሩ ደርቆ እንደ ሸክላ ጠንክሯል፤ ዳገቱም የሚያሰጋ አይመስልም። ቢሮ ተመልሼ ዳገቱን በአንድ ቀጥተኛ መስመር ሳልኩት። ሦስት ሜትር ያህል ተቆርጦ በጥቁር ድንጋይ ግንብ እንዲደገፍ፣ ከግንቡም አንድ ሜትር ተኩል ራቅ ብሎ ማድ ቤት እንዲቆም አደረግሁ። የጣሪያው አሸንዳ ከፊት ለፊት ሲታይ የቤቱን መልክ ያበላሻል ብዬ ወደ ጓሮ አዞርኩት፤ ስለዚህ የጣሪያው ውሃ በሙሉ በግንቡና በማድ ቤቱ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ይወርዳል ማለት ነው። በግንቡ ላይ ውሃ ማስተንፈሻ ቱቦ አላሳየሁም፤ ከጀርባው ጠጠር እንዲሞላም አላዘዝኩም። ፕላኑ ያለ አንድ እርማት ጸደቀ።

የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው፣ ነሐሴ ሲጋመስ፣ ግንቡ ሆዱን ነፍቶ ሰነበተና አንድ ሌሊት ተናደ። በማለዳ ተጠርቼ ስደርስ ጭቃው የማድ ቤቱን በር ገንጥሎ ገብቶ ምጣዱን እስከ አክንባሎው ቀብሮታል። ማንም እዚያ ስላላደረ የሰው ሕይወት አልጠፋም። ቤቱን የሠሩት ፎርማን፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ከእኔ ቀድመው ደርሰው ኖሮ ጃንጥላቸውን ይዘው ፍርስራሹ ላይ ቆመዋል። አልተቆጡም። «ኢንጂነር፣ ውሃውን ወዴት ነበር የላክኸው?» ብቻ አሉኝ። በጃኬቴ ውስጥ ጠቅልዬ የያዝኩትን ፕላን አወጣሁና ተመለከትኩ። በዚያ ሥዕል ላይ ግድግዳ አለ፣ በር አለ፣ የአልጋና የሶፋ ቦታ ሳይቀር አለ፤ ውሃ ግን ከየትም አይመጣም፣ ወደ የትም አይሄድም። አምስት ዓመት ስማርና አራት ዓመት ስሠራ ይህን ጥያቄ በዚህ ቃል የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ጊዜው ይርዘም ለሚሉት አንጋፋ ወንድሜ የምመልሰው ይህንኑ ነው። የእኔ ጊዜ ሞልቶ ነበር። አምስት ዓመት ቢያደርጉት፣ ስምንት ቢያደርጉት፣ በዚያው በአዲስ አበባው ቢሮ በዚያው ወንበር ላይ እቀመጥ ስለነበር ግንቡ መናዱ አይቀርም ነበር። ከዚህም ሌላ ጊዜው በረዘመ ቁጥር የሚያብበው የማኅተም ገበያ መሆኑን በሙያው ውስጥ ያለን ሁላችን እናውቃለን፤ በአደባባይ ግን አንናገረውም። ተመራቂው ፕላኑን ይሠራል፤ መፈረም ስለማይችል ፈቃድ ያለው ሰው ይፈልጋል፤ ባለ ፈቃዱም ቦታውን ሳያይ፣ አንዳንዴም ፕላኑን ሳይገልጥ፣ ለአንድ ፊርማ ይህን ያህል ብር ብሎ ይፈርምለታል። ይህ ሲሆን ያ ረጅም የጥበቃ ጊዜ ለሕዝቡ ያስገኘለት ጥበቃ ምንድን ነው? የፊርማውን ዋጋ ከማስወደድ በቀር እኔ የማየው የለም። በሌላ በኩል ግን ጊዜው ይጠር የሚለው ወጣትም ይህንኑ ገበያ ማስረጃ አድርጎ፣ «ያው ሥራውን የምንሠራው እኛው ነንና በተመረቅን ማግሥት እንፈርም» ወደ ማለት ሲያዘነብል አልስማማም። እርሱ የሚሠራው ሥዕሉን ነው፤ ሥዕሉ ደግሞ የሥራው ግማሽ እንኳ አይሆንም።

ሌሎች አገሮች ምን እንደሚያደርጉ ማየት ቁጥሩን ለመበደር ባይሆንም አቆጣጠሩን ለመረዳት ይጠቅማል። ዓለም አቀፉ የአርክቴክቶች ኅብረት ከዩኔስኮ ጋር ባወጣው የትምህርት ቻርተር ቢያንስ አምስት ዓመት ትምህርት ያስቀምጣል፤ በሙያ አሠራር መመሪያው ደግሞ በዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ዓመት ልምምድ ይጨምራል። የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች እርስ በርስ ምስክር ወረቀት የሚቀባበሉበት መመሪያ አምስት ዓመት ትምህርትን ወይም አራት ዓመት ትምህርትን ከሁለት ዓመት ልምምድ ጋር ይቀበላል። በእንግሊዝ «አርክቴክት» የሚለው ስም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ ሕግ የተጠበቀ ሆኖ፣ ለረጅም ጊዜ የተለመደው መንገድ አምስቱን በትምህርት ሁለቱን በሥራ በድምሩ ቢያንስ ሰባት ዓመት ሲወስድ ኖሯል። አሜሪካኖቹ ግን ልምዱን የሚቆጥሩት በዓመት አይደለም፤ በሰዓት ነው። በስድስት የሥራ ዘርፎች የተከፋፈለ 3,740 ሰዓት መመዝገብና ስድስት ክፍል ያለው ፈተና ማለፍ ይጠበቃል። በሳምንት አርባ ሰዓት ቢሠራ ይህ ዘጠና አራት ሳምንት ገደማ፣ ማለትም ሁለት ዓመት የማይሞላ ጊዜ ነው። ሆኖም ኮሌጅ ከገቡበት ቀን አንስቶ ፈቃድ እስከሚይዙ ድረስ በአማካይ 13 ዓመት ገደማ ይወስድባቸዋል። ትምህርቱና ሰዓቱ ተደምረው ወደዚያ አይጠጉም፤ ቀሪውን የሚበላው ፈተናው፣ ክፍያው፣ በመሐል የሚመጣ ትዳርና ልጅ፣ እንዲሁም አሠሪው የሚፈልገውን ዓይነት ሥራ አለመስጠቱ ነው።

አሜሪካኖቹ ይህን ስለተረዱ ይመስለኛል ሥርዓታቸውን ያቀለሉት። ቀድሞ የሚጠየቀው 5,600 ሰዓት የነበረ ሲሆን ዝቅ ያደረጉት ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ነው። በብዙዎቹ ግዛቶችም ልምምዱና ፈተናው ጎን ለጎን እንዲሄዱ ተፈቅዷል። ያለፉት የፈተና ክፍል ከአምስት ዓመት በኋላ ይቃጠል የነበረበትን ደንብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 አስቀርተዋል፤ ይህ ደንብ ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶችንም ይጎዳ ነበር። ጃፓንም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ አርክቴክት ፈተናን ልምምዱ ሳያልቅ መውሰድ እንዲቻል አድርጋ፣ ልምዱን ግን ለምዝገባ ግዴታ አድርጋ ይዛዋለች። ይህ አስተዋይነት ነው እላለሁ። ዕውቀት ትኩስ ሳለ ይፈተን፤ ፊርማው ግን ልምዱን ይጠብቅ።

ሆኖም ከአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ውስጥ አንዱን ነገር ለደሴ አልመኘውም። ከ3,740ው ሰዓት ለግንባታ ክትትልና ግምገማ የተመደበው 360 ብቻ ነው፤ ለሥራ ሥዕልና ለሰነድ ዝግጅት ግን 1,520 ሰዓት ተይዟል። ሥዕሉ ላይ የተጻፈው ሳይት ላይ እንደ ተጻፈ በሚፈጸምበት አገር ይህ ክፍፍል ያስኬድ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ፎርማኑ ፕላኑን አንድ ጊዜ ገልጦ የክፍሎቹን ስፋት ከወሰደ በኋላ ቀሪውን ከልማዱ የሚሠራበት ቀን ይበዛል፤ ልማዱም አንዳንዴ ከሥዕሉ የተሻለ፣ አንዳንዴም እጅግ አደገኛ ነው። ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ እዚያው መቆም ያስፈልጋል። የ360 ሰዓቱ ዘጠኝ ሳምንት ደግሞ ለዚህ አይበቃም።

መሬታችንም ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል በ2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ የተጨናነቀች፣ ውሃዋ ሁሉ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚቸኩል፣ በልግም ክረምትም የሚዘንብባት ከተማ ናት፤ የመሬት መንሸራተት ስጋቷም የቆየ ነው። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፤ ሜዳው ይሰፋል፣ ፀሐዩ ይበረታል፤ በሜዳውም ላይ ክረምት ሲመጣ የሚያብጥ፣ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ዋልካ አፈር የሚያጋጥምበት ቦታ አለ። ደሴ ላይ ውርጭና ጉም እንዳይገባ ጠበብ ያደረግሁትን መስኮት ኮምቦልቻ ብወስደው ሰው አፍናለሁ። ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ በዚያው መንገድ ቢሄዱ በ1953 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ የተመታችው ካራቆሬ ትገኛለች፤ ያ መንቀጥቀጥ በአቅራቢያው ያለችውን ማጀቴን እንዳልነበረች አድርጓታል። የተቀመጥነው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። ታዲያ አዲስ አበባ ላይ የተሳለ የጂ ፕላስ ሁለት ፕላን የቦታውን ካርታ ብቻ ቀይሮ ደሴም ኮምቦልቻም ላይ ሲቆም ሳይ፣ ያ ፈራሚ ስንት ዓመት ሠራ ብዬ ሳይሆን የት ቆሞ ሠራ ብዬ ነው የምጠይቀው።

በዚህ ነጥብ ላይ የሕንፃ አዋጁንም ማንሣት ግድ ይለኛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏል። በምሰሶ መካከል ያለው ርቀት ከሰባት ሜትር የማይበልጥ ፎቅ አልባ ሕንፃ ምድብ «ሀ» ነው፤ ከዚያ የሚሰፋው ወይም ፎቅ የሚጨመርበት ምድብ «ለ» ይሆናል፤ ሕዝብ የሚገለገልበት፣ ፋብሪካ ወይም ከ12 ሜትር በላይ ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ ምድብ «ሐ» ነው። አከፋፈሉ ለሜዳ አገር ጥሩ ነው፤ አንዳንድ ባልደረቦቼም ይህን ተከትለው ለጀማሪ ባለሙያ ምድብ «ሀ» ወዲያው ይፈቀድለት ይላሉ። ነገር ግን በዚያ አዋጅ ምድቡ የሚለካው በስፋት፣ በከፍታና በአገልግሎት ነው፤ የመሬቱ ተዳፋትነት በመለኪያው ውስጥ የለም። ያ የመምህሩ ቤት፣ ግንቡ ሌሊት የተናደበት፣ በአዋጁ አነጋገር ምድብ «ሀ» ነበር። ደሴ ውስጥ ቀላል የሚባለው ቤት ብዙውን ጊዜ ገደል አፋፍ ላይ የሚቆመው ነው፤ ሜዳ ሜዳው በትልልቆቹ ተይዟላ።

ታዲያ የእኔ ሐሳብ ምንድን ነው? ከትምህርት በኋላ ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ይሁን፤ ግን ሁለት ክረምት የያዘ ሁለት ዓመት። ጀማሪው ከደብዳቤ ይልቅ መዝገብ ይያዝ፤ በመዝገቡም ላይ በየሳምንቱ የሠራው ሥራ፣ የሄደበት ሳይት፣ ያየው ስህተትና የወሰደው ውሳኔ ይጻፍ፤ አብሮት ያለው ባለ ፈቃድ በየወሩ ይፈርምበት፤ የሐሰት መዝገብ የፈረመም ፈቃዱ ይነጠቅ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሕንፃ፣ ትንሽም ቢሆን፣ መሠረቱ ከሚቆፈርበት ቀን አንስቶ ቆርቆሮ እስኪለብስ ድረስ በክትትሉ ሥር ይለፍ። ያ ሕንፃ፣ ወይም እርሱ የተሳተፈበት ሌላ ያለቀ ሕንፃ፣ ክረምቱን ሲያሳልፍ ተመልሶ ሄዶ ይየው፤ አሸንዳው ሞልቶ ይፈስ እንደሆነ፣ ግድግዳው እርጥበት ስቦ እንደሆነ፣ ግንቡ ማስተንፈስ አለማስተንፈሱን ይመዝግብ። አንድ ክረምት የማይበቃበትን ምክንያት ከላይ ተናግሬአለሁ፤ አዲስ የተሞላ አፈር በመጀመሪያው ዝናብ ይረጋል፣ ጉዱን የሚያወጣው በሁለተኛው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ ሥራ ተቋራጩን ካስረከበ በኋላ ለአሥር ዓመት ለሥራው ጽናት ኃላፊ የሚያደርገው የሕንፃ ጉድለት በርክክብ ቀን ስለማይታይ ነው። ፈተናውን በተመለከተ፣ ከተመረቁበት ቀን ጀምሮ በማንኛውም ጊዜ መውሰድ ይቻል፤ ያለፉት ክፍል አይቃጠል፤ የሚሰጠውም ደሴን በመሰለ ከተማም ጭምር ይሁን። አንድ ደመወዝተኛ ጀማሪ ለአንድ ፈተና አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ሄዶ አልጋ ተከራይቶ የሚመለስበት ምክንያት አይታየኝም። በፈተናውም ላይ አንድ ተዳፋት ቦታ ተሰጥቶት ውሃውን ወዴት እንደሚልከው ይጠየቅ፤ ይህቺን እንኳ ለፎርማኑ ውለታ ብዬ ነው የምጨምራት።

የሚነሣውን ተቃውሞ አውቃለሁ። ጀማሪዎቹ የሚከፈላቸው ደመወዝ የቤት ኪራይ አይሸፍንም፤ ሳይት ለመሄድ የባጃጁን እንኳ ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ይህ እውነት ነው፤ መፍትሔውም በአሠሪዎች በኩል ነው፤ እኔንም ጨምሮ። የሳይት ክትትል ዋጋ ከፕላኑ ዋጋ ተነጥሎ በውል ላይ ካልተጻፈ ቢሮ ልጁን ወደ ሳይት አይልከውም። ደንበኞቻችንም ቢሆኑ ለፕላን መክፈል ከለመዱ ቆይተዋል፤ ለክትትል ግን «ፎርማን አለኝ አይደል?» ይሉናል። ሌላው ተቃውሞ በዘመኑ ሁኔታ ሥራ መቋረጡ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ሳይቶች ሁሉ ቆመው ነበር፤ በዚያን ዓመት የተመረቁ ልጆች በደብዳቤ ቢቆጠርላቸው የቆመው ወር ሁሉ እንደ ሥራ ይታሰብላቸዋል፣ ወይም ደግሞ ድርጅቱ ስለተበተነ የሠሩት ሁሉ ይቀርባቸዋል። መዝገብ ቢኖር የሠሩት ይያዝላቸዋል፣ ያልሠሩት ይቆያቸዋል። ከወለደች በኋላ አንድ ዓመት ቤት የዋለች አርክቴክትም እንዲሁ ካቆመችበት ትቀጥላለች እንጂ እንደ አዲስ አትጀምርም። ሦስተኛ፣ የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍን፣ የሠሩት ግንበኞችና አናጢዎች የማን ፈቃድ ነበራቸው የሚል ቀልድ በደሴ የሙያ ሰዎች ዘንድ ይዘወተራል። ፈቃድ እንደማይኖራቸው ጥርጥር የለኝም፤ ነገር ግን የትኛውም ግንበኛ መጀመሪያ ድንጋይ አቀባይ ሆኖ ሳይከርም ቱምቢ አልያዘም።

የመምህሩን ግንብ በራሴ ወጪ አስፈርሼ አሠርቼዋለሁ። ከጀርባው ጠጠር ተሞልቷል፣ ማስተንፈሻ ቱቦዎች በሁለት ረድፍ ተቀብረውበታል፣ አሸንዳውም መልኩ ቢያስከፋኝም ወደ ፊት ተመልሶ ወደ መንገዱ ቦይ ይወርዳል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሐምሌ ሲያጋምስ እየሄድኩ አየዋለሁ። ባለቤቶቹ ቡና ያፈላሉ፤ እኔ ጓሮ ዞሬ ቱቦዎቹን እቆጥራለሁ። ባለፈው ክረምት አብሮኝ የምትሠራ ጀማሪ አርክቴክት ይዣት ሄጄ ነበር። የያዘችው ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ነው፤ ቢሮዬ ገና የታተመ መዝገብ የለውም። ዝናቡ ጋብ ባለበት ደቂቃ እኔ ግንቡ ደህና ነው ብዬ ወደ ቡናው ስመለስ እርሷ ጓሮ ቀረች። ቆይታ ስትመለስ ደብተሩን ዘርግታ አሳየችኝ፤ ከታችኛው ረድፍ ከግራ ሦስተኛው ቱቦ ውሃ አያወጣም፣ ከበላዩ ያለው ድንጋይም እርጥብ ነው ብላ ጽፋለች። ተመልሰን አብረን አየን፤ አፈር ደፍኖታል። እኔ እዚያው ቆጥሬው ነበር፤ መፍሰስ አለመፍሰሱን ግን አላየሁም። በማግሥቱ በፌሮ ጫፍ አስከፈትነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደሴ አርክቴክት
ደሴ፣ ሰኞ ገበያ